የባልዲ ውርወራ

ጥር 4

ይህን ደብተር የገዛሁት ተገድጄ ነው። የቅርጫት ኳስ ቡድናችን ሐኪም የደም ግፊቴን ለክቶ ፊቱን አጨማደደና «ንዴትህን ይዘህ ቤትህ አትግባ፤ ጻፈው» አለኝ። ጻፍኩት እንግዲህ። በአንድ ነጥብ ተሸነፍን፤ የተሸነፍነውም በኔ ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው የባላጋራችን አሠልጣኝ ከወንበሩ ተነሥቶ «ረጅሙን ያዙት!» ብሎ ጮኸ። ረጅሙ እኔ ነኝ። ኳስ ገና እጄ ስትገባ ሁለት ሆነው ይጠመጠሙብኛል፣ ዳኛው ፊሽካ ይነፋል፣ ለኔ ነፃ ውርወራ ይሰጠኛል። ነፃ የተባለው የሚከላከልህ ስለሌለ ነው። መስመሩ ላይ ትቆማለህ፣ ሁሉም እጁን ሰብስቦ ያይሃል፣ ትወረውራለህ። የትምህርት ቤት ልጅ ያገባዋል። እኔ ከስምንት አንድ አገባሁ።

በዚህ ሙያ ስኖር «ግንቡ» ነው የሚሉኝ። ከቅርጫቱ ሥር ቆሜ የሰው ኳስ እመልሳለሁ፣ የተሳተውን እለቅማለሁ፣ እየሮጠ የመጣውን በደረቴ አቆማለሁ። ይህን ማንም አያነሣልኝም። ዛሬ ስወጣ አንዲት ሴትዮ ባሏን «ይሄ ሁሉ ቁመት ለምን ተሰጠው?» ስትለው ሰማሁ። «አምፖል ለመቀየር» አላት።

ጥር 9

ደግሞ ተሸነፍን። መጨረሻው ላይ አሠልጣኙ አስወጣኝ። «ይይዙሃል፤ ምን ላድርግ ወንድሜ?» አለ። ፎጣ ጭንቅላቴ ላይ ጣል አድርጌ ተቀመጥኩ። ፎጣ ተከናንቦ የተቀመጠን ሰው ደግሞ ካሜራ ይወደዋል።

ከሥር ሁለተኛ ነን። የመጨረሻው ቡድን ከሊጉ ይወርዳል። ከወረድን ግማሾቻችሁ ትሰናበታላችሁ ብሎ ሥራ አስኪያጁ ፊት ለፊት ነግሮናል። በሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነፃ ውርወራ የማያገባ ግንብ ማን ይቀጥራል?

ወንድሜ ደወለ። ታላቄ ነው፣ ያሳደገኝም እሱ ነው። ከጨዋታ በኋላ ሳይደውል ቀርቶ አያውቅም፤ ኳስ ነክቶ ግን አያውቅም። «ወኔህ የት ሄደ?» ይለኛል። «እሺ ጋሼ» እላለሁ። ወኔ እሺ ሲሉት የሚመጣ ይመስል።

ጥር 15

ጋራዡ ግድግዳ ላይ የሰቀልኩት ቅርጫት አለ። ከሰዓት በኋላ እሱ ላይ ስወረውር ቆየሁ። ባለቤቴ ልብስ እያሰጣች ታየኛለች። ምንም አትልም። እሷን የምፈራት ዝም ስትል ነው።

በመጨረሻ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ «እስቲ ስጠኝ» አለች። ኳሷን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ጉልበቷ አወረደቻት፤ ሸብረክ አለችና ከታች ወደ ላይ ለቀቀቻት። የቅርጫቱን ብረት ሳትነካ ገባች። ደገመች። ገባች። ጉልበቷ ተጎድቶ ጨዋታ ካቆመች ጀምሮ ኳስ ስትነካ አላየኋትም ነበር።

ዘጠኝ ዓመት ለሴቶቹ ቡድን ተጫውታለች። ነፃ ውርወራዋን ሁልጊዜ እንደዚያ ነበር የምትወረውረው፤ ከሥር፣ ውሃ ከባልዲ እንደሚደፋ ሰው። «ባልዲዋ» ይሏት ነበር። ወንዱም ሴቱም ተደምሮ እንደሷ የሚያገባ አልነበረም፤ ሰው የሚያስታውሰው ግን ባልዲውን ነው።

«እንዲህ ወርውር» አለችኝ።

«ለሴት ያምራል» አልኳት።

«ኳሷ ማን እንደወረወራት ትጠይቃለች?»

የቀረውን ልብስ አብሬያት አሰጣሁ።

ጥር 22

ይገባል።

ማመን አልፈለግኩም፤ ግን ይገባል። «ትኩስ ድስት ከምድጃ እንደምታነሣ ነው» ትለኛለች፤ «ሁለቱም እጅህ እኩል ይሥራ፣ አንዱ አይቅደም።» እጄን ከኋላ ይዛ ልታሳየኝ አልደርስ ስላላት ወንበር ላይ ወጣች። ወንበሩ ተንገዳገደ፤ ትከሻዬ ላይ ተንጠለጠለች። ከስንት ጊዜ በኋላ እንዲያ ሳቅን። በመሃሉ ጎረቤታችን በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ አየን። ኳሷን ጣልኳት።

«ለምን ጣልካት?» አለችኝ።

«አምልጣኝ ነው።»

ጥር 28

ጠዋት ማንም ሳይመጣ አዳራሹ ውስጥ እየወረወርኩ አሠልጣኙ በሩ ላይ ቆሞ ሲያየኝ ቆይቶ ኖሯል። መጣና ሁለቱንም እጄን ያዘኝ። «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ወርውር። እባክህ።» አሠልጣኝ ተጫዋቹን እባክህ ሲል ሰምቼ አላውቅም።

«ማን አስተማረህ?» አለኝ።

«ራሴ ነኝ» አልኩት። ረጅም ታሪክ ስለሆነ ነው።

ወሬው ፌንጣው ዘንድ ደረሰ። ፌንጣው ኳስ እየነዳ የሚያቀብለን ተጫዋች ነው፤ አጭር፣ እግሩም ምላሱም ፈጣን። ከልምምድ በኋላ የጽዳት ሠራተኛዋን ባልዲ አምጥቶ ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ቦታዬ ላይ አስቀመጠው። «ግንቡ ሆይ፣ ዕቃህን ረስተሃል» አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ። ጥርስ ባዳ ነው ይላሉ።

የካቲት 3፣ ማታ

እንደ ተለመደው ያዙኝ። መስመሩ ላይ ቆምኩ። ኳሷን ወደ ጉልበቴ ሳወርዳት አዳራሹ ለአፍታ ጸጥ አለ። ከዚያ ከላይኞቹ ወንበሮች ሳቅ ተነሣ፤ ወደ ታች ወረደ፣ ዞረ፣ ሞላ። የራሳችን ደጋፊዎች ናቸው። «ድፋው! ድፋው!» ማለት ጀመሩ። አንድ አባት ልጁን ትከሻው ላይ አውጥቶ በጣቱ አሳየው። አጠገቤ የቆመው ባላጋራ «ባልዲው የማን ነው?» አለኝ። ዳኛው እንኳ ከንፈሩን ነክሶ ጣሪያ ጣሪያውን አየ።

ፊቴ ነደደ። ጆሮዬ ሳይቀር። ሁለት ሜትር ከስምንት የሆነ ሰው የሚደበቅበት ቦታ የለውም። ሌላው ሰው ሲያፍር ያቀረቅራል፣ አንገቱን ይደፋል፣ ሰው መሃል ይገባል። እኔ አንገቴን ብደፋም ከሁሉም በላይ እታያለሁ።

ወንድሜ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ ደወለ። «የሰፈሩ ሰው ስልኬን አቃጠለው። ምን ነካህ? እንዴት ነው ያን ያህል ሰው ፊት እንደዚያ የምትጎነበሰው?»

«አሸንፈናል እኮ ጋሼ።»

«ብታሸንፍስ? የሰው መሳቂያ ሆነህ?»

ቪዲዮው በየስልኩ ዞሯል። ዘፈን አስገብተውበታል። ሦስት ጊዜ አየሁት። አጎንብሼ ስታይ እውነትም የጠፋ ሳንቲም የምፈልግ እመስላለሁ።

ባለቤቴ ራት ላይ ዐይኗ ሲያበራ ነበር። «ከስድስት አምስት» ትላለች፣ ለራሷ ነው የምትናገረው። «ከስድስት አምስት።» አዎ፣ ገብተዋል። በሦስት ነጥብ አሸንፈናል።

«ሳቁን አልሰማሽም?» አልኳት።

«ሰማሁ።»

«እና?»

«እና ምን? ይለመዳል» ብላ ሳህኑን አነሣች።

የካቲት 5

አሠልጣኙ ከልክሎኛል አልኳት። ከላይ ወርውር ብሎኛል፣ የቡድኑ ክብር ነው ብሎኛል አልኳት። የቡድን ክብር የሚለው ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም።

«እሱ ነው ያለህ?»

«እሱ ነው።»

«ደደብ» አለች። ለእሱ ነው።

ለአሠልጣኙ ደግሞ ወገቤን ያመኛል አልኩት። ማጎንበሱ ነው የጎዳኝ፣ ከላይ ብወረውር ይሻለኛል። ሰውየው ደነገጠ። «በል ሐኪም ይይህ፤ ወገብ ቀልድ አይደለም» አለኝ። ለሁለቱም አንድ ውሸት ብናገር ይቀለኝ ነበር፤ ግን አልገጣጠም አለኝ።

ለነገሩ የጎዳሁት ማንንም አይደለም። ከላይ ያለውን ውርወራ በደንብ ብለማመደው ይስተካከላል።

የካቲት 8

«እዚህ ጋ ነው የሚያምህ?» አለኝ የቡድናችን ሐኪም።

«ትንሽ ወደ ታች።»

«እዚህ?»

«እሱ ነው።»

ጤነኛ ወገቤን አሽተው አሽተው በቅባት አጠቡት። አንድ ጨዋታ ይረፍ ተባለ። አረፍኩ። ያለ እኔ ተሸነፍን። ከቅርጫቱ ሥር ቡድናችን የተከፈተ በር ሆኖ ነበር፤ ማንም እየገባ ይወጣል። ወንበር ላይ ሆኜ እጄ ሲያሳክከኝ አመሸ። ፌንጣው ሁለት ጊዜ ወደ እኔ ዞሮ አየ። አንዴም አልቀለደም።

የካቲት 17

አሠልጣኙ አዳራሹ በር ላይ ባለቤቴን «እንዴት ነሽ እህቴ?» አላት። እንዳልሰማች ሆና አለፈችው። ሰውየው የዘረጋውን እጅ መልሶ ኪሱ ከተተና «ምን አስቀየምኳት?» አለኝ። ራሷን አሟት ነው አልኩት። አሁን እሷም ታማሚ ሆናለች። ቤታችን በኔ ምላስ ሆስፒታል ሊሆን ነው።

የካቲት 25

ከላይ ወረወርኩ። ከሰባት ሁለት። ሽንፈት።

ማንም አልሳቀብኝም ግን። ሲሰድቡኝ ነበር። ስድብ ይሻላል።

የካቲት 30

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። በሐሳቤ እየወረወርኩ ነው የማድረው፤ በሐሳቤም ከላይ ነው፣ በሐሳቤም ይስታል። እባክህ ያለኝ አሠልጣኝ ትዝ ይለኛል። ነገ ወገቤ ድኗል ልለው እችላለሁ። አንዲት ቃል ናት። ከዚያ ደግሞ ያ አባት ልጁን ትከሻው ላይ አውጥቶ ሲያሳየው ይታየኛል። ሰው ምን ይለኛል ማለት ምን ዓይነት በሽታ ነው? ለዚህኛው የሚያሽ ሐኪም የለም። ይሉኝታ ያላሳደገው ሰው ይስቅብኝ እንደሆነ እንጂ የኔ ቢጤ ይረዳኛል።

መጋቢት 6

ያለፈውን ጨዋታ አሸነፍን፤ እኔ መጨረሻውን አልተጫወትኩም። ከኛ ሥር ያለው ቡድንም አሸንፏል። እኩል ነን። የመጨረሻው ጨዋታ ከእነሱ ጋር ነው፣ በኛ ሜዳ። የተሸነፈ ይወርዳል።

ባለቤቴ ለጉልበቷ መድኃኒት ልትገዛ ፋርማሲ ሄዳ ቆየች። ስትመለስ ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ ነጠላ ጫማዋን አደረገች፣ ውሃ ጠጣች። ከዚያ «ወገብህ እንዴት ነው?» አለችኝ።

ወገቤን ለእሷ ነግሬያት አላውቅም።

አሠልጣኙን ፋርማሲው ውስጥ አግኝታው ነበር። ሌላ ምንም አልጠየቀችኝም። ምን ብላው ምን እንዳላት ለመገመት ግን ነቢይ መሆን አያስፈልግም። «ባሌን ለምን ከለከልከው?» ብላው ይሆናል፤ ሰውየው «እኔ?» ብሎ ይሆናል። መድኃኒት ሻጩም ይሰማ ይሆናል። ብትጮህብኝ ምን ነበረበት? ደህና እደር ብላኝ ተኛች።

መጋቢት 7

አሠልጣኙ ስለ ወገቤ አላነሣም። እሷም። ሁለቱም ጨዋ ናቸው። ጨዋ ሰው ያንገበግባል።

መጋቢት 13

አሠልጣኙ ቢሮው ጠራኝ። በሩን ዘጋ።

«ስማኝ ወንድሜ። ቅዳሜ እስከ መጨረሻው ትጫወታለህ። እነሱን ከቅርጫቱ ሥር የሚያቆም ሌላ ሰው የለኝም፤ አንተን ካስወጣሁ ያልፉናል። ካላስወጣሁህ ደግሞ ይይዙሃል። ታውቀዋለህ።»

«አውቀዋለሁ።»

«እንዴት እንደምትወረውር አልነግርህም። ትልቅ ሰው ነህ።» ወረቀቱን ሲያገላብጥ ቆየና «ሚስትህ ግን ትልቅ ተጫዋች ነበረች» አለ። «ራሴ ነኝ ያልከኝ ጊዜ አምኜህ ነበር።»

ስወጣ በሩን ቀስ ብዬ ነው የዘጋሁት። ድርግም ባደርገው ይሻለኝ ነበር።

መጋቢት 16፣ ጠዋት

ወስኛለሁ። ከታች ነው የምወረውረው። የፈለገ ይሳቅ፣ ጥርሱ ይርገፍ። ለባለቤቴ ነገርኳት። ሸሚዜን እየተኮሰች ነበር፤ ቀና ብላ አየችኝና «እመጣለሁ» አለች። ከየካቲት ወዲህ ጨዋታ መጥታ አታውቅም።

ወንድሜም የሰፈሩን ሰው በሚኒባስ ጭኖ ይመጣል።

መጋቢት 16፣ ማታ

ልጻፈው። ካልጻፍኩት አልተኛም።

ጥሩ ተጫውቻለሁ። ይህን ማንም አይጽፍልኝም፤ እኔው ልጻፈው። ከቅርጫቱ ሥር ዝንብ አላሳለፍኩም። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል በአንድ ነጥብ እየተመራን ፌንጣው ሦስት ሰው አታሎ ኳሷን አቀበለኝ። ዘልዬ ላስገባት ስል ከኋላ ጎተቱኝ። ፊሽካ። ሁለት ውርወራ። አንዷ ብትገባ እኩል እንሆናለን፤ ሁለቱም ቢገቡ እንተርፋለን።

መስመሩ ላይ ቆምኩ። ባለቤቴን አየኋት፤ ሦስተኛው ረድፍ ላይ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ወንድሜን አየሁት። ኳሷን ወደ ጉልበቴ አወረድኳት።

አዳራሹ ጸጥ አለ።

ማንም አልሳቀም። ደጋግሜ ልጻፈው፤ ማንም አልሳቀም። ከላይኞቹ ወንበሮችም፣ ከባላጋራም በኩል፣ ከወንበራችንም። ያን ያህል ሰው ትንፋሹን ውጦ ነበር። እኔ ግን ያን ጸጥታ አውቀዋለሁ፤ ባለፈውም ሳቁ የመጣው ከሱ ቀጥሎ ነው። አሁን ይመጣል፣ አሁን ይመጣል እያልኩ ጠበቅኩት። ጉልበቴ ሸብረክ እንዳለ ቀረ። ከዚያ ቀጥ አልኩ። ኳሷን ወደ ግንባሬ አነሣኋትና ከላይ ወረወርኳት።

የመጀመሪያዋ ብረቱን መትታ ወጣች። ሁለተኛዋ ብረቱም ጋ አልደረሰች።

ወረድን።

ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ገብቼ ቦታዬ ላይ ተቀመጥኩ። ፌንጣው መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። «ጥፋቱ የኔ ነው» አለኝ። «ያን ባልዲ ባላመጣ ኖሮ።» ፊቱን በማሊያው ሸፍኖ አለቀሰ። አይደለም ልለው ይገባኝ ነበር። «ቀልድህ ልክ የለውም» አልኩት።

አሠልጣኙ ለጋዜጠኞቹ ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ አለ። ሁሉም ይወስዳል፤ ለኔ የተረፈ የለም።

ውጭ ወንድሜ ሚኒባሱ አጠገብ ይጠብቀኝ ነበር። የሰፈሩ ሰው በመስኮት ያያል። «ለምን እንደዚያኛው አልወረወርከውም?» አለኝ። «እንደ ባለፈው፣ ከታች። ይገባልህ ነበር እኮ!»

«መሳቂያ ሆንክ ያልከኝ አንተ ነህ ጋሼ።»

«እኔ ኳስ ምን አውቃለሁ?» አለ። እውነቱን ነው። «ቀድሞ ነበር እንጂ» ብሎ ጀመረና ሳይጨርሰው ሚኒባሱ ውስጥ ገባ።

ባለቤቴ መኪናውን እሷ ነዳችው። መንገዱን ሙሉ ሬዲዮኑን አልከፈተችም።

መጋቢት 19

የሚሰናበቱት ተነገራቸው። እኔን አላሰናበቱኝም። ፌንጣውን አሰናበቱት።

መጋቢት 24

አሠልጣኙ ቤት ድረስ መጣ። እኔን ፈልጎ መስሎኝ ወጣሁ። ሰላም ብሎኝ አለፈኝና ከባለቤቴ ጋር ሳሎን ተቀመጡ። ለሚመጣው ዓመት የቡድኑን ውርወራ እንድታሠለጥንለት ለመናት። እሺ አለች። እኔ ወጥ ቤት ቆሜ ውሃ እስኪፈላ እጠብቃለሁ።

ሲሄድ በሩን ዘግታ መጣችና ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ከጨዋታው ቀን ወዲህ እንደዚያ ቀጥ ብላ አይታኝ አታውቅም።

«ለምን እንዳገባሁህ ነግሬህ አላውቅም» አለች። «እኛ ዋንጫ ያጣን ቀን፣ ከአንተ ጋር ከመተዋወቃችን በፊት። መስመሩ ላይ ሆኜ አዳራሹ ሙሉ ሲስቅብኝ ቀና ብዬ አየሁ። በሩ አጠገብ አንድ ረጅም ሰው ቆሟል። አይስቅም። ያ ሁሉ ሕዝብ ሲንከተከት እሱ ኮስተር ብሎ ቆሟል። ከዚህ ሰው ጋር መኖር እችላለሁ አልኩ። ከሳምንት በኋላ ሻይ እንጠጣ ስትለኝ እሺ ያልኩህ ለዚያ ነው። ዘጠኝ ዓመት የሳቁብኝን ሁሉ የረሳሁት በዚያ አንድ ሰው ነው።»

ውሃው ፈልቶ ነበር፤ እሳቱን አጠፋሁ።

«የተሸነፋችሁት አይደለም የሚያበግነኝ። እሱ ያልፋል። በኔ ውርወራ አፈርክ። የዚያን ቅዳሜ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሆኜ ያንን ሰው ስጠብቅ ነበር። የት ሄደብኝ?»

ያን ቀን አስታውሰዋለሁ። ዘግይቼ ነበር የደረስኩት። ትኬቴ ላይ ያለው ወንበር አልገኝ ብሎኝ በሩ አጠገብ ቆሜ ቁጥሩን እፈልግ ነበር። ሜዳውን አላየሁትም። ሰው ምን አይቶ እንደሚስቅም አላወቅኩም ነበር።

ያ ሰው አልነበረም ልላት አፌን ከፈትኩ። ዐይኗን ሳየው «እኔንጃ» አልኳት።